ሮድሪን ማን ይመርጣል? ኤፍሲ 25 እና የተጫዋቾች ነጥብ

ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 ቆንጆ የኳስ ጌም ነው። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል። ሳሩ ሳር፣ ላቡ ላብ ይመስላል። የትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋቾች ፊታቸው ቁርጥ ራሳቸውን ነው። እናቴ አንድ ቀን ሳሎን ገብታ «ስንት ለስንት ናቸው?» ብላ ቆማ ማየት ጀመረች። የቀጥታ ስርጭት መስሏት ነው። ስለ ምስሉ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ እሱን ዩቲዩብ ላይ ታዩታላችሁ።

የእኔ ጉዳይ ቁጥሮቹ ናቸው። ጌሙ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ነው የወጣው። ከመውጣቱ በፊት ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ «ማን ስንት ተሰጠው?» ነበር። ምባፔ 91። ሃላንድ 91። የማንቸስተር ሲቲው አማካይ ሮድሪ 91። ከሴቶቹ አይታና ቦንማቲ 91። ብዕር ያስነሳኝ ይህ እኩልነት ነው። ካርዳቸው ላይ እኩል ናቸው። ጆይስቲክ ስትይዙ ግን ሮድሪና ምባፔ ጭራሽ አይገናኙም።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ስድስት ነገር ይታያል፦ ፍጥነት፣ ሹት፣ ቅብብል፣ ኳስ ይዞ ማለፍ፣ መከላከልና ጉልበት። ከስር ደግሞ ከ30 በላይ ዝርዝር ነጥቦች አሉ። ፍጥነት ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ አነሳስ ነው፣ ሌላው ሙሉ ሩጫ። ሁሉም የሚታሰበው ከ99 ነው። ከዚያ ይሰላና አንድ ትልቅ ቁጥር ይወጣል። እኛ «ኦቨራል» የምንለው እሱን ነው። ስሌቱ እንደ ተጫዋቹ ቦታ ይለያያል። ለአጥቂ አጨራረሱ ብዙ ይመዝንለታል፤ ለመሃል ተከላካይ ኳስ መንጠቁና ሰው መያዙ። የመሃል ተከላካይ ፍጥነት ግን ኦቨራሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በየሴሚስተሩ ካርድ እሞላለሁ። አማካያቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ልጆች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። አንዱ ሂሳብ ላይ 98 አምጥቶ አማርኛ ላይ 62 ያመጣ ይሆናል። ሌላው ሁለቱም ላይ 80 ነው። ወላጅ ካርዱን ሲቀበል ግን ዓይኑ የሚሮጠው ወደ አማካዩና ወደ ደረጃው ነው። ኦቨራልም እንደዚያው ነው። በኤፍሲ 25 ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፈተናው ሲመጣ አብዛኛው ጥያቄ ከአንድ ትምህርት ብቻ ይወጣል። እሱም ሩጫ ነው።

የምባፔን ካርድ እዩት። ፍጥነት 97፣ ሹት 90፣ ቅብብል 80፣ ኳስ ይዞ ማለፍ 92፣ መከላከል 36፣ ጉልበት 78። አሁን የሮድሪን እዩ። ፍጥነት 66፣ ሹት 80፣ ቅብብል 86፣ ኳስ ይዞ ማለፍ 84፣ መከላከል 87፣ ጉልበት 85። ከፍጥነቱ በቀር ሰውዬው ምንም ጎደሎ የለበትም። የጌም ቤቱ ልጆች የሚያዩት ግን ያቺኑ 66 ነው።

የጌም ቤቱ ደንብ የታወቀ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል። ስለዚህ «እውነተኛ ኳስ ልጫወት» ብሎ የሚመጣ የለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቀጭን ልጅ ማን ሲቲን ይዞ ሊገጥመኝ ተቀመጠ። ጨዋታው ሳይጀመር አሰላለፍ ውስጥ ገባ። ሳያመነታ ሮድሪ ላይ ሄደ። አወጣው። በምትኩ ማቲየስ ኑኔስን አስገባ።

«ለምን አወጣኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰውዬው አይሮጥም እኮ።»

«ባሎንዶር የበላ ተጫዋች ነው!»

«እሱ በቲቪ ነው።»

ሦስት ለአንድ ቀጣኝ። ኑኔስ አንዷን ራሱ አገባት።

በቲቪ የሆነውን ደግሞ እናስታውስ። ሮድሪ ጉልበቱን የተጎዳው ጌሙ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ነው፣ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ። ሲቲ የእንግሊዝን ሊግ አራት ዓመት በተከታታይ የበላ ቡድን ነበር። ከፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ግን አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ስፖርቲንግ 4 ለ 1 አሸነፈው። ቶተንሃም በሲቲ ሜዳ 4 ለ 0 ሸኘው። ሌሎችም የተጎዱ ነበሩ፤ ሁሉንም በአንድ ሰው ማላከክ አይቻልም። ግን ጨዋታውን ያየ ሰው ሁሉ መሃሉ ክፍት እንደነበር አይቷል። ጌሙ ውስጥስ? ሮድሪ የሌለበት ሲቲ ምንም አይሆንም። እንዲያውም ይፈጥናል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ነጥቡን የሰጡት ሰዎች ተሳስተው አይደለም። ሮድሪ 91 ይገባዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሮድሪን ሮድሪ ያሰኘው እግሩ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው። ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ሁለቴ ዞሮ ያያል። የት እንደሚቆም ያውቃል። መቼ ማቀዝቀዝ፣ መቼ ማፍጠን እንዳለበት ያውቃል። እኔ ጆይስቲኩን ስይዝ ግን የእሱን ጭንቅላት አውጥቼ የራሴን አስገባለሁ። የእኔ ጭንቅላት ደግሞ 91 አይደለም። ምባፔን ስይዝ ግን እግሩ አብሮት ይመጣል። ያ 97 ፍጥነት እኔ ምንም ብደነዝዝ አይቀንስም። አውራ ጣቴን ወደፊት መግፋት ብቻ ነው።

ለእኔ የጌሙ ትልቁ የእውነታ ክፍተት ይህ ነው። ቁጥሮቹ የእግርን ነገር በደንብ ይሸከማሉ። የጭንቅላትን ነገር ግን ቁጥሩ ቢጽፈውም የሚጫወተው ሰው ይውጠዋል። የቦታ አያያዝ ነጥብ አለ፣ የዕይታ ነጥብ አለ፣ የመረጋጋት ነጥብ አለ። ተጫዋቹ በእጃችሁ ሲሆን ግን እናንተ ወደ ገደል ብትነዱት እሺ ብሎ ይሄዳል።

ሐቁን መናገር ስላለብኝ፣ በኤፍሲ 25 ይህን ለማስተካከል ሞክረዋል። ኤፍሲ አይኪው የሚሉት ነገር አምጥተዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች የሥራ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ከተስማማው አጠገቡ የመደመር ምልክት ይወጣለታል፣ በጣም ከተካነበት ሁለት መደመር። ልዩነቱ የሚታየው ተጫዋቹን ሳትይዙት ነው። አማካይ ድርሻው ላይ የገባ ሮድሪ ኳስ ስትነጠቁ ተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ኑኔስን እዚያ ብታስቀምጡት ብድግ ብሎ ይሄዳል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት ይህን ለማስተዋል ትዕግስት ያለው የለም። እዚያ አንድ ረጅም ኳስ፣ አንድ ፈጣን ክንፍ፣ አለቀ።

ከኤፍሲ 24 የመጣው ፕሌይስታይል የሚባለውም ነገር ጥሩ ሐሳብ ነው። ቅብብላቸው እኩል 85 የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኳስ እንደማያቀብሉ ማንም ያውቃል። አንዱ ረጅሟን ይወዳል፣ ሌላው በሰው መሃል የምታልፈዋን። ለእያንዳንዱ የራሱ ጠባይ መሰጠቱ ከቁጥሩ የተሻለ ይናገራል። እኔን ብትጠይቁኝ ቁጥሩን ደብቀው ጠባዩን ብቻ ቢያሳዩን ደስ ይለኛል። ግን ያኔ ወሬ ከየት ይመጣል?

የፍጥነት ነገር የቆየ በሽታ ነው። ፊፋ 14ን (ኤፍሲ ድሮ ስሙ ፊፋ ነበር) የተጫወተ ሰው ኢባርቦ ሲባል ፈገግ ይላል። የካግሊያሪው ኮሎምቢያዊ። ሜዳ ላይ ደህና የሚባል ተጫዋች ነበር፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ጌሙ ውስጥ ግን ፈጣንም ጉልበተኛም ስለነበር የሚያቆመው አልተገኘም። ጀርቪኞም እንደዚሁ። አርሰናል ደጋፊ ሆኜ ስንቴ ፀጉሬን ያስነጨኝ ሰው ጌም ቤት ሲገባ ንጉሥ ይሆናል። ፊፋ 23 ላይ ደግሞ የአሯሯጥ ዓይነት አመጡ። ረጃጅሞቹ ዘግይተው ተነስተው መጨረሻ ላይ ይፈጥናሉ ተባለ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሃላንድ ሜዳ ላይ እንደዚያ ነው የሚሮጠው። ሲሠሩት ግን አጋነኑትና ሃላንድንና ተከላካዩን ቫን ዳይክን የሚቀድም ጠፋ። ቫን ዳይክ ክንፍ አጥቂ ሲያባርር ማየት አንድ ነገር ነው። እሱን አጥቂ አድርጎ የሚያሰልፍ ሰው ማየት ሌላ ነገር ነው። አይቻለሁ።

አሁን ወደዚያች ወደ ተከላካዩ ነገር ልመለስ። የመሃል ተከላካይ ኦቨራል ውስጥ ፍጥነት ብዙም አይቆጠርም ብያለሁ። ይህ ለእውነተኛው ኳስ ትክክል ነው። ጥሩ ተከላካይ መሮጥ አያስፈልገውም፤ አስቀድሞ እዚያ ነው። ጌሙ ውስጥ ግን አጥቂው ሲያመልጥ ቁጥሩ ሌላ፣ የሚሆነው ሌላ። ኦቨራሉ 86 ሆኖ ቀርፋፋ የሆነ ተከላካይ ከምባፔ ጀርባ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብሎ ይከተላል። ኦቨራሉ 78 የሆነው ፈጣኑ ይደርስና ኳሷን ይነጥቃል። ስለዚህ ቡድን የምትመርጡ ሰዎች፣ ትልቁን ቁጥር እለፉት። ስድስቱን ከፍታችሁ የመጀመሪያዋን እዩ። ይህ ምክር ለማሸነፍ ነው፤ ኳሱ ኳስ እንዲመስል ለሚፈልግ ሰው ተቃራኒውን ነው የምመክረው።

ሌላው ነገር ነጥብ የሚናገረው ስላለፈው ዓመት ነው። ይህን ከኮል ፓልመር በላይ ያሳየኝ የለም። ኤፍሲ 24 ሲወጣ ፓልመር 66 ነበር። ገና ከሲቲ ወደ ቼልሲ የተሻገረ ልጅ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ነጥቡ ዓመቱን ሙሉ ይታደስለታል። ጌም ቤታችን ግን ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር አይተዋወቅም። እዚያ ሰዓቱ የቆመው ዲስኩ የታተመ ቀን ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 ፓልመር ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ሦስት አገባ። ሁለቱን ያገባው በ100ኛውና በ101ኛው ደቂቃ ነው፤ 4 ለ 3። ሰፈሩ ሲጮህ አመሸ። በማግስቱ አንድ የቼልሲ ደጋፊ ጌም ቤት መጣ። ልብሱ ሳይቀር ሰማያዊ ነው። ፓልመርን አሰለፈ። 66።

ልጆቹ ሳቁበት። «ወንድሜ፣ ይህ ልጅ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው» አሉት። አልሰማቸውም። በፓልመር ሪጎሬ አገኘ፣ ሳተ። ኳስ አቀበለ፣ ተነጠቀ። ቀዝቃዛው ፓልመር የትም የለም። የሳምንት ተኩል ልዩነት ነው፣ ያው ልጅ ኤቨርተን ላይ አራት አገባ። ዓመቱን በሊጉ 22 ጎልና 11 ለጎል የሆነ ኳስ ይዞ ጨረሰ። በኤፍሲ 25 ከ66 ተነስቶ 85 ገባ። ያኔ ያው ደጋፊ በኩራት ያሰልፈው ጀመር፤ የሚስቅም አልነበረም።

ላሚን ያማልም ያው ነው። በዩሮ 2024 ግማሽ ፍጻሜ ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ጎል ያላየ የለም። ኤፍሲ 25 ላይ 81 ሰጡት። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኤፍሲ 26 ላይ፣ 89 ሆነ። ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ነጥብ አልጨመረም። ነጥብ ሰጪዎቹ ናቸው እስኪያምኑት የጠበቁት። እኔ አልፈርድባቸውም። አስተማሪ ሆኜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ሲመጣ የመጀመሪያውን ወረቀት በጥርጣሬ ነው የማርመው። ካርዱን አይቼ ብቻ አላምነውም።

የሮናልዶ ጉዳይ ደግሞ አለ። እዚህ ብዙ ሰው ይጣላኛል። ሳዑዲ ከሄደ በኋላ ከ90 ወደ 86 አወረዱት። በ2023 ግን 54 ጎል አግብቶ ነበር። ደጋፊዎቹ ተቆጡ። እኔ 86 ትክክል ነው ባይ ነኝ። ጎል የሚቆጠረው በማን ላይ እንደገባ ጭምር ነው። ነጥቡን የሚሰጡት በየአገሩ ጨዋታ የሚከታተሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ሊጉን በብዙ ዓይን የሚያዩበት ቦታ ነጥቡ ይጠራል። ጥቂት ዓይን ያለበት ሊግ ውስጥ ግን ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተገለበጠ የሚመስል ነጥብ ታያላችሁ። ትንንሽ ሊጎች ውስጥ ገብታችሁ የተጠባባቂዎቹን ካርድ አገላብጡ፤ የማውራውን ትረዱኛላችሁ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ፔስ በሚባለው በድሮው ሌላ የኳስ ጌም ቀስቶች ነበሩ። ታስታውሳላችሁ? ከጨዋታ በፊት ከየተጫዋቹ ስም አጠገብ ቀስት ይወጣል። ወደ ላይ የቆመ ቀይ ከሆነ ሰውዬው ዛሬ በርቷል። ወደ ታች ከዞረ አልቆለታል። ፔስ 6 ላይ የኢንተሩ አድሪያኖ የሹት ጉልበቱ 99 ነበር። ከየትም ይመታል፣ መረቡ ይቀደዳል። ግን አንዳንድ ቀን ቀስቱ ወደ ታች ይዞራል። አድሪያኖን አውጥታችሁ ስሙን ማንም የማያውቀውን ልጅ በቀይ ቀስት ታስገባላችሁ። ማስተር ሊግን (ፔስ ላይ ክለብ ይዞ ለብቻ የሚጫወቱበትን ክፍል) የጀመረ ሰው ካስቶሎንና ሚናንዳን አይረሳም። የትም የማይታወቁ የፈጠራ ሰዎች፣ ቀስታቸው ሲቆም ግን የዋንጫ ጨዋታ ያሸንፉ ነበር። አንድ ተጫዋች በየቀኑ 91 አይደለም። ይህን ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትንሽ ቀስት ከኤፍሲ 25 ሙሉ ካርድ በተሻለ ገልጾታል። ኤፍሲ ላይ ሞራልና ብቃት የሚባል ነገር በካሪየር ሞድ (ክለብ ይዞ ለብቻ በሚጫወቱበት ክፍል) ውስጥ አለ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲጋጠም ግን ያ ሁሉ አይሰማም።

ጭንቅላት ሲቆጠር ማየት ከፈለጋችሁ ፉትቦል ማኔጀር አለ። እዚያ ጆይስቲክ የለም። እናንተ አሰልጣኝ ናችሁ፤ የሚጫወተው ኮምፒውተሩ ነው። ነጥቡ ከ1 እስከ 20 ነው። ውሳኔ፣ ቀድሞ ማንበብ፣ መረጋጋት፣ ቁርጠኝነት፣ ሁሉም ለየብቻ ነጥብ አላቸው። ሰውዬውን እናንተ ስለማትይዙት ጭንቅላቱ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በላይ ደግሞ የተደበቁ ነጥቦች አሉ፤ በትልቅ ጨዋታ ላይ እንዴት ነው፣ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነው ወይ፣ ቶሎ ይጎዳል ወይ። አጠቃላይ ችሎታው ከ200 ይለካል፣ ግን አያሳዩዋችሁም። ሰው ልካችሁ ማሰለል አለባችሁ። ኤቨርተን በ2008 ይህን የመረጃ ክምችት ለራሱ የተጫዋች ምልመላ ሊጠቀምበት ከሠሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ነበር። አንድ ጌም ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልገውም። ጉድለቱ ምንድን ነው? አብዶ የለም። ጎረቤት ጠርቶ መጨቃጨቅ የለም። እኔ የ2024ቱን በአሮጌ ላፕቶፕ ነው የምጫወተው። የ2025ቱ ጭራሽ ሳይወጣ ተሰረዘ።

የእኛስ ሰዎች? ኤፍሲ ውስጥ ዋልያዎቹ የሉም፣ ሊጋችንም የለም። የቼኩ ቴዎዶር ገብረሥላሴ ቨርደር ብሬመን በነበረ ጊዜ ፊፋ ላይ ብሬመንን የመረጥኩት ለእሱ ስል ብቻ ነበር። አባቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ያለው ደስታ ሌላ ነው። ቀኝ ተመላላሽ ስለሆነ ጎል ብዙም አያገባም፤ ቢሆንም ኳሷን እሱ ጋ እያመላለስኩ ነበር የምጫወተው።

በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ጊዜ ግን እኛው ራሳችን ነጥብ ሰጪ ሆነን ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ያለፍንበት ዋንጫ ነው። ፔስ 2013 ተጫዋች እንደልብ ያስቀይር ስለነበር የአንድ አገር ቡድን አራግፈን ዋልያዎቹን ሞላንበት። ስም መጻፉ ቀላል ነበር። ነጥቡ ላይ ሌሊቱ ነጋ። አንዱ ጓደኛችን «ሳላዲን 90 ይገባዋል» አለ። ሌላው «ያኔ ድሮግባ ስንት ሊሆን ነው?» አለው። ሽመልስ በቀለ ላይ ተግባባን። አዳነ ግርማ ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። 75 ብንሰጠው ከማንም አይለይም። 88 ብንሰጠው ውሸት ነው።

ከዚያ የዛምቢያው ጨዋታ መጣ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሪጎሬ ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ቀረን፣ ጎልም ገባብን። ከዕረፍት በኋላ አዳነ አገባ። አንድ ለአንድ። በማግስቱ ጌሙን ከፍተን ቁጥሮቹን ልናስተካክል ተቀመጥን። የሳላዲንን የሪጎሬ ነጥብ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፣ በድምፅ ብልጫ ወደቀ። የአዳነ ግን የት ይጨመር? አጨራረሱ ላይ? ጉልበቱ ላይ? በአሥር ሰው ሻምፒዮንን ማስጨነቅ የትኛው ረድፍ ውስጥ ነው የሚጻፈው? ትንፋሹ ላይ አምስት ጨምረንለት ተኛን።

አልቲሜት ቲም ስለሚባለው፣ ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን ስለሚሠሩበት ክፍል ብዙ አልልም። እዚያ በዓመቱ መጨረሻ የሁሉም ሰው ቡድን 97 እና 98 ይሆናል። ካርድ የሚገኘው በዕድል በሚከፈት ፓኬት ነው፣ ገንዘብም ይበላል። ቤልጂየም ይህን ቁማር ነው ብላ ኩባንያው ከ2019 ጀምሮ እዚያ የፓኬት መግዣውን ፖይንት በገንዘብ መሸጥ አቁሟል። ከእውነተኛ ኳስ ጋር ያለው ዝምድና ስሙና ፎቶው ብቻ ነው።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ለብቻችሁ፣ ካሪየር ሞድ የምትጫወቱ ከሆነ አዎ፣ በተለይ አሁን ዋጋው ስለወረደ። ግን ሲከፈት እንዳለ አትጫወቱት። ማስተካከያ ውስጥ ግቡና የአነሳስና የሩጫ ፍጥነትን ለሁለቱም ወገን ዝቅ አድርጉት። ብዙ አይደለም፣ ጥቂት ብቻ። የቅብብል ስህተትን ከፍ አድርጉ። ያን ጊዜ 66 ፍጥነት ያለው አማካይ ለምን ውድ እንደሆነ መታየት ይጀምራል፤ ቅብብሉ የማይሳሳት ሰው ያስፈልጋችኋልና። ቅብብልን በእጅ ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ያድርገው። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ኳሷ ወደ ደጋፊው ትሄዳለች። ከዚያ የ86 እና የ74 ቅብብል ልዩነት በጣታችሁ ይሰማችኋል።

ከጓደኛ ጋር ለምትጫወቱ የምመክረው ሁለታችሁም አንድ ቡድን እንድትይዙ ነው። ማድሪድ በማድሪድ፣ ወይ ብራይተን በብራይተን። ያኔ ቁጥሩ ይጣፋና የሰው ጨዋታ ይቀራል። እኛ ቤት ይህን ደንብ ለማስገባት ሞክሬ ነበር፣ የጌም ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው የደገፈኝ።

ኤፍሲ 26ን ለሚያስቡ፦ እዚያ አጨዋወቱን ለሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ለውድድር፣ አንዱ እውነተኛውን ኳስ ለሚፈልግ። ለእኔ ይህ ለዓመታት ስንጮህበት የነበረውን ነገር እንደማመን ነው። ካሪየር ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ልዩነቱን ከፍላችሁ 26ን ብትወስዱ አይቆጫችሁም። ፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ያላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰው ጋ ሞክሩት። ከእውነተኛ ጨዋታዎች የተቀዳው የአዲሱ እንቅስቃሴ ቴክኖሎጂ ኤፍሲ 24ና 25 ላይ ለፒኤስ 5ና ለመሰሎቹ ብቻ ነበር። በፒኤስ 4 ቁጥሩ ያው ቁጥር ሆኖ አሯሯጡ የድሮው ነው።